በአጎቱ ቅርንጫፍ ላይ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ምን ሆኖ ይቀራል? ቢያንስ ስም ይቀራል እንል ይሆናል። የጎረቤቴን የማሕሩስን ነገር ካየሁ ወዲህ ግን በዚያም እርግጠኛ አይደለሁም።

ማሕሩስ እዚህ ዱምያት ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቁም ሣጥንና ወንበር ቫርኒሽ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። የዒድ ለት እንኳ ጣቶቹን ቀለሙ አይለቃቸውም ነበር። አባቱ ሰይድ ይባላሉ፤ የመንግሥት መዝገብ ግን የአጎቱ የአብዱልገፋር ልጅ ነው ይላል። ምስጢር አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በግብፅ ሕግ ለቤቱ አንድ የሆነ ወንድ ልጅ ለውትድርና አይወሰድም። ሰይድ ሁለት ወንዶች ነበሯቸው፤ አብዱልገፋር አንድም አልነበራቸውም። ስለዚህ ታላቁ ሂልሚ በአባቱ ስም፣ ታናሹ ማሕሩስ በአጎቱ ስም ተመዘገቡ። በአንድ ፍራሽ እየተኙ ሁለቱም አንድ ለእናቱ ሆኑ፤ ሁለቱም ከጦር ቀሩ።

ማሕሩስ ዓይኑ ደክሞ ሥራ ሲያቆም ቤተሰቡ በእንግዳ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የዘር ሐረጉን በዛፍ መልክ ሊያስል ተነሣ። እሱም የጥንቶቹን ስም እኔ ልፈልግ ብሎ ጉዳዩን ተረከበ። የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፤ በዚያ ዛፍ ላይ ከአባቱ ከሰይድ ሥር መጻፍ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ሐጂ፣ የአባትዎ አባት እኮ ሴት ናቸው።»

«ምን?»

«ይኸው፤ ነፊሳ ነው የሚለው።»

«ጢማቸውን ስላላየሽ ነው እንጂ!»

ነገሩን የፈታችለት የአጎቱ የአብዱልገፋር ሚስት ባሂያ ናት። የአያቱ እናት ልጇ ለጦር እንዳይታፈስባት ሴት ነው ብላ አስመዝግባው ኖሯል። ቅድመ አያቱ ደግሞ በመዝገቡ መሠረት የመጨረሻ ልጃቸው ከመወለዱ ከዓመታት በፊት ሞተዋል። መበለት እናቱን የሚጦር ልጅ አይወሰድም ሲባል፣ ለሌላው ልጃቸው ሲሉ ሰውየው ቤታቸው ቁጭ ብለው ዓሣ እየበሉ ሞቱ ተባሉ።

«ሞተውም ወልደዋል!» አለኝ ማሕሩስ ሻይ እየጠጣን፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። «እኛ ቤት ሞት እንኳ ከሥራ አያስቀርም።»

እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። መዝገብ እውነትን ያቆያል ብለን እናምናለን። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ያቆዩት እውነትን ከመዝገብ በመሸሸግ ነው። እውነቱ በአፍ ላይ ብቻ ኖረ፤ አፍ ደግሞ አፈር ይበላዋል። ምናልባት ማሕሩስን ያስፈራውም ይኸው ነበር፤ እኛ የምናውቀው ስናልፍ የሚቀረው ወረቀቱ መሆኑ።

አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ ቤተሰቡ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሂልሚ ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ መሰላል ላይ ወጣ።

«እኔን ከአባቴ ሥር» አለ ማሕሩስ።

«ከባሌ ሥርስ ማን ይጻፍ?» አለች ባሂያ ከወንበሯ። ዘጠና ዓመት ቢያልፋትም ድምጿ አላረጀም። «አንተን ካወረዱህ የሱ ቅርንጫፍ ደረቅ እንጨት ነው።»

«ለወረቀት ብቻ ነበር እኮ፣ አክስቴ።»

«ለእናንተ ነዋ! እኛ የምር ነው የተቀበልንህ። በየዒዱ አዲስ ልብስ የሚያሰፋልህ ማን ነበር?»

«አጎቴ።»

«አጎቴ ይላል ደግሞ! እሱ አንድ ቀን እንኳ የወንድሜ ልጅ ብሎህ ያውቃል?»

ሂልሚ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «አርፈህ ተቀመጥ ባክህ! አንተ ከዚያ ብትወርድ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጠመንጃ ልሸከም ነው?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማሕሩስም አብሮ ሳቀ። ስሙ ከአብዱልገፋር ሥር ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ገብቶ ከዛፉ ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር። አንዴ ስደርስበት ጣቱን ከአጎቱ ቅርንጫፍ አንሥቶ ወደ አባቱ ቅርንጫፍ እየወሰደ ይመልሳል። «ቅርብ እኮ ነው» አለኝ።

ሊሞት ሲል የሂልሚን እጅ ያዘ፤ አጠገባቸው ነበርኩ። «ዛፉስ ይቅር፣ ወንድሜ። መቃብሬ ላይ ግን የሰይድ ልጅ በሉኝ። እዚያ ለጦር የሚመለምለኝ የለም።»

ሂልሚ «እሺ» አለው።

ባሂያ ግን ከማሕሩስ በኋላ ቀረች። በየዒዱ ደግፈን መቃብሩ ድረስ እንወስዳታለን፤ ዓይኗ ስለጠፋ ድንጋዩን አንብቡልኝ ትላለች። ድንጋዩ ከመቀረጹ በፊት፣ የሰይድ ልጅ ብለን ጽፈን ለእሷ ሌላ እናንብብላት ያልንም ነበርን። ሂልሚ ተቆጣ፤ «በዚህ ቤት ከእንግዲህ ውሸት ይብቃ!» አለ።

እናም በየዒዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን እንዳለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል፤ «ማሕሩስ አብዱልገፋር።»