የጣፈጠች ቀኝ እግር

ጣፈጠች ቀኝ እግሯን ሠላሳ ዓመት ከሰው ዓይን ሰውራ ኖራለች። በትውልድ አገሯ ገሱባ ልጅ ሳለች ቀዩን አፈር በባዶ እግሯ ስትረግጥ የያዛት፣ እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ ነው። ሶዶ ገበያ ቆጮ ስትሸጥ ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፤ ለጠየቃት ሁሉ «ወለምታ ነው» ትላለች። ሠላሳ ዓመት የማይድን ወለምታ! ሐኪሞቹ ከአፈር የሚመጣ ነው ቢሉም፣ የአገሩ ሰው ዝሆኔ ካለበት ቤት ሚስት አይወስድም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ደግሞ ልጇ ቤቴል ብቻ ናት፤ የቤቴል ሠርግ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል።

ዘንድሮ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኗ ካህን አባ ሚልክያስ አዲስ ነገር አመጡ፤ በጸሎተ ሐሙስ እግራቸው ከሚታጠበው አሥራ ሁለቱ ምእመናን ስድስቱ ሴቶች ይሁኑ አሉ። መጀመሪያ የተጠራው የጣፈጠች ስም ነው። በየዓመቱ የወንዶቹን መታጠቢያ ውሃ የምታሞቀው እሷ ነበረች። እውነቱን እንናገር፣ ደስ አላት።

«እማ፣ አሞኛል በይና ቅሪ!» አለቻት ቤቴል።

«ግራውን ነው የምሰጣቸው። ለአባ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።»

ሐሙስ ዕለት ግራ እግሯን ፈትጋ አጥባ፣ ቅባት ቀብታ ሄደች። በቆሻሻ እግር ካህን ፊት ይቀረባል እንዴ? መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባ የአሥራ አንዱን ሰው ቀኝ እግር አጥበው፣ እንዳጎነበሱ እሷ ዘንድ ደረሱ። ልማድ ክፉ ነው፤ ቀና እንኳ ሳይሉ «ቀኙን፣ ልጄ» አሉ።

«አባ፣ ግራው…» አለች። መዝሙሩ ድምፅዋን ዋጠው። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ካህን እግሯ ሥር ተንበርክኮ እንዴት እምቢ ትበል? ጫማዋን አወለቀች፤ ፋሻውን ፈታች። ከፊት ወንበር ጀምሮ መዝሙሩ ቆመ። አባ ደንግጠው አዩዋት፤ ከዚያ አጠቡት፣ ሳሙትም። ፊት ወንበር ላይ የሙሽራው አክስት ወሰንየለሽ ተቀምጣ ነበር።

ቅዳሜ ከሙሽራው ቤት ሽማግሌዎች መጡና «ጉዳዩ ለጊዜው ይቆየን» አሉ። እንዲህ ያለው ይቆየን ቀረ ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ቤቴል አላለቀሰችም። በፋሲካ ዕለት ጓዟን ሸክፋ ወደ ቦምቤ ከተማ ሄደች፤ ስልክም አታነሳም።

ሰኞ አባ ሚልክያስ ሊያጽናኑ መጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ለሴቶቹም ክብር ይሁን ብዬ ነበር።»

«አባ» አለች ጣፈጠች፣ «ለወንዶች ብቻ በነበረ ጊዜ እኔ ልጅ ነበረችኝ።»