የሹፌሩ በለስ

በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ቤቷ ስትገባ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ መቀመጥ። አጣቢዋ ግን ደህና አድርጋ ከተቀመጠች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቀኑን ከእንፋሎትና ከእርጥብ አንሶላ ጋር ስትታገል ውላ ስትመለስ፣ ባሏን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማጉረስና ማገላበጥ ይጠብቃታል። ወገቧ ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «አለሁ» ትላለች። ከዚያ በላይ ለማውራት ጉልበት ይጠይቃል።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሰፈሩ ዛሬም «ሹፌሩ» ይለዋል፤ እሷም እንደዚያው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተዘጋ። ተሳፋሪን በሳቅ ሲያፈርስ የኖረ ሰው ከመስኮት ሥር ባለ ወንበር ላይ ቀረ። መስኮቱ የሚያሳየው ጓሮውን ነው፤ ጓሮው ውስጥ ያለው ደግሞ በለሱ ነው።

በለስ ሲባል እሾሃሙ አይደለም። ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ ሲቀነጥሱት ነጭ ወተት የሚያወጣው ነው። ሙቀት የሚወድ ተክል እንዲህ ባለ ብርድ ቦታ ምን ይሠራል ለሚል፣ መልሱ የሹፌሩ እልህ ነው። ጎረቤቶቹ «እዚህ አይሆንም» ሲሉት፣ አፋቸውን ለማስያዝ ሲል ፀሐይ ከምታርፍበት የጡብ ግድግዳ ሥር ተከለው። ሥሩ እንዳይንሰራፋ ዙሪያውን በድንጋይ አጠረ፤ ውርጭ ሲመጣም በጨርቅ ጠቀለለው። በየበጋው ሃያ ሠላሳ ፍሬ ያበስል ነበር። አጣቢዋ መብላቱን እንጂ ሥራውን አታውቀውም። ሹፌሩ ጓሮ የሚገባው እሷ ሥራ ስትሆን ነበር፤ ማታ ስትመጣ የምታየው ተጠቅልሎ የቆመውን ዛፍ ብቻ ነው።

ሹፌሩ ከታመመ ወዲህ ግን በለሱ አንድም ፍሬ አላበሰለም። ብርዱ ሊገባ ሲል አውራ ጣት የሚያካክሉ አረንጓዴ ፍሬዎች ይሞሉታል። አጣቢዋ ማርገፉን አንጀቷ አልችል ይልና ከነፍሬው ትጠቀልለዋለች። ብርዱ አልፎ ስትፈታው ሁሉም ጠቁረውና ተጨማደው ይረግፋሉ። «ጨርቁ ቢሳሳበት ነው» ትልና በዓመቱ ሌላ ትጨምርበታለች። እሷ በምትጠቀልልበት ጊዜ ሁሉ ሹፌሩ በግራ እጁ ቀለበት መስታወቱን ይደበድባል። «እሺ፣ እሺ፣ አጠብቀዋለሁ!» እያለች ገመዱን ስታጠብቅ ጭራሽ ይብስበታል።

የሹፌሩ ታላቅ እህት ክፉ ሰው አይደለችም። ባለፈው ሳምንት የመጦሪያ ቤት ቅጽ ይዛ መጣች። ሁሉን ሞልታዋለች፤ የጎደለው የሚስት ፊርማ ብቻ ነው።

«እኔ እኮ ላንቺው ነው የማስበው» አለች። «ወድቀሽ የቀረሽ ቀን ማን ሊያነሳችሁ ነው?»

«እሱስ፣ እትዬ?»

«እሱማ ምኑን ያውቀዋል፣ እህቴ? ዝም ብሎ መስታወት ሲደበድብ አይደል የሚውለው?»

አጣቢዋ አልመለሰችም። እውነቱን ለመናገር ቀለል ነው ያላት። ምንም የማያውቅ ሰው የትም ቢቀመጥ ያው ነው፤ እሷም እንደ ሰው ትተኛለች። ይህ ሁሉ ሲባል ሹፌሩ እዚያው ነበር። ስለ ቁምሳጥን የሚያወሩ ይመስል ነበር። እህትየው እሑድ መጥታ ቅጹን ልትወስድ ተስማሙ።

ቅዳሜ ከሰዓት አጣቢዋ ሆስፒታሉ የጣላቸውን አንሶላዎች ይዛ ጓሮ ወጣች። ሹፌሩ ከሄደ ወዲያ ዛፉን የሚጠቀልል እንደማይኖር ታውቃለች፤ ለመጨረሻ ጊዜም ቢሆን ወግ ይድረሰው አለች። በርጩማ ላይ ቆማ ማልበስ ስትጀምር ድብደባው ተነሳ። «ጀመርክ ደግሞ!» ብላ ስትዞር በርጩማው ተንገዳገደ። እንዳትወድቅ ቅርንጫፍ ስትይዝ አራት አምስት አረንጓዴ ፍሬ ተቀንጥሶ መሬት ወረደ።

ድብደባው ቀጥ አለ።

አጣቢዋ ወደ መስኮቱ አየች። ሹፌሩ ዓይኑን ተክሎባታል። አንሶላውን መልሳ ስታነሳ መስታወቱ ጮኸ። አንሶላውን ጥላ አንድ ፍሬ ቀነጠሰች፤ ዝም አለ። ሌላም ቀነጠሰች፤ ዝም። እጇ በወተቱ እያሳከካት ትልልቆቹን አንድ በአንድ አራገፈች። በመጨረሻ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ፣ ከቅጠሉ ብብት፣ አተር የማያህሉ እንቡጦች አየች። እነሱንም ልትነካ እጇን ስትሰነዝር መስኮቱ ሊሰበር ደረሰ። እጇን መለሰች፤ ጸጥ።

ያን ጊዜ ገባት። ብርዱን የሚሻገሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ በበጋ የሚበስሉትም እነሱ። ትልልቆቹ አብረው ሲከርሙ ይበሰብሱና ቅርንጫፉን ይዘውት ይሞታሉ። ሹፌሩ ይህን ሲነግራት ሦስት ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ግን እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ያውቃል ማለት ነው። አጠገቡ የተባለውን፣ «ምኑን ያውቀዋል» ሲባል ዝም ያለችውን ሁሉ ሰምቷል። ባያውቅ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ እንዲህ በማሰቧም አፈረች።

ዛፉን አልብሳ፣ እጇን ታጥባ ገባች። ቅጹን ከጠረጴዛ አንስታ አጠገቡ ቆመች።

«ይህን ያነበበልህ የለም፣ አይደል?»

ጮክ ብላ አነበበችለት። «ታማሚው በዙሪያው የሚሆነውን አይረዳም» የሚለው ጋ ስትደርስ ሹፌሩ በግማሽ አፉ ሳቀ። የጥንቱ የአውቶቡሱ ሳቅ ነው። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

«ደክሞኛል» አለችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። «በጣም ደክሞኛል፣ ሹፌሩ። ግን ራስህ ተናገር። መሄድ ከፈለግህ አንዴ አንኳኳ፤ መቅረት ከፈለግህ ሁለቴ።»

ሹፌሩ ወደ ታች፣ ወዳበጡት እግሮቿ አየ። ከዚያ እጁን አንስቶ አንዴ አንኳኳ።

ሁለተኛውን ጠበቀች። የለም።

«አልሰማሁም» አለችው።

እንደገና አንዴ መታ፤ አሁን ጠንከር አድርጎ።

«አልሰማሁም አልኩህ እኮ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁህ ሴትዮ፣ ዛሬ ከየት አምጥቼ ልስማህ?» ቅጹን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «በለሱ ይድረስ። ያኔ ጠይቀኝ።»