አፍ የሚፈታ ቁልፍ

ዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ ጆሮ ምርመራ ክፍል ደጃፍ ተራችንን ስንጠብቅ የልጅ ልጄ የቤቴን ቁልፍ ከእጄ ነጥቆ አፉ ውስጥ ከተተው። ሦስት ዓመት አልፎታል፤ «እማ» እንኳ አላለም። ቁልፉን ከአፉ ሳወጣው የእርጥብ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ያኔ ልጅ ሳለሁ ኮልፌ፣ እናቴ ግቢ ውስጥም እንዲሁ ሸትቶኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አፉን ሳይፈታ ስለቆየ፣ አክስቴ እትዬ በላይነሽ የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ ቁልፍ ለምነው አምጥተው አፉ ውስጥ ያዞሩት ጀመር። ልጁ ያለቅሳል፤ ለሀጩ በአገጩ ይወርዳል።

«እትዬ፣ እሱ እኮ አይሰማም» አልኳቸው። «ትናንት ከኋላው የድስት ክዳን ስጥል ዞር አላለም።»

«አታሟርቺ አንቺ! ወንድ ልጅ ይዘገያል። አባትሽስ ዛሬም መቼ ይናገራል?»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ወንድሜን ሐኪም ያየው ጢም ካወጣ በኋላ ነው።

እትዬ ዛሬም በሕይወት አሉ። ትናንት ማታ ደውለው «ቁልፉን ሞክሩለት እንጂ፣ ሆስፒታል ምን ያንከራትታችኋል?» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሲነጋ ልጁን አዝዬ ታክሲ ያዝኩ።

ተራችን ሲደርስ ሐኪሟ ከጀርባው ሆና ከበሮ መታች። አልዞረም። በመሣሪያም ደጋግማ መረመረችውና ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ልጁ አይሰማም።»

እሷን «አታሟርቺ» ያላት ሰው የለም።