የፕላዝማው እጣቢና የአራስ ቤት ገንፎ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ እዚሁ ቦንጋ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ የቡላ ገንፎ ሲቀርብልኝ ያቅለሸልሸኛል። ቡላው ምን አጠፋ? ጥፋቱ የሰው ነው፤ ሆዴ ግን ይህን አይሰማኝም።

በያጅ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ ታንከር፣ የመጣልኝን ሁሉ እሠራለሁ። ጋሽ ግርማ የሚባሉ የሰፈራችን ሰው ከእኔ ቤት ዝቅ ብሎ ትልቅ የብረታ ብረት ቤት አላቸው። አንድ ቀን በኮምፒውተር እየተመራ ላሜራ የሚቆርጥ የፕላዝማ ማሽን አስመጡና ሰፈሩ ጉድ አለ። እኔም ሥራ ትቼ ቆሜ ያየሁበት ቀን አለ።

ማሽኑ ጠረጴዛ አለው፤ ጠረጴዛው እንደ ገንዳ ውሃ ይሞላል። ላሜራው ከላይ ይተኛል፣ እሳቱ ሲቆርጠው ጭሱና የቀለጠው ብረት ፍርፋሪ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ገንዳው በሚጸዳበት ጊዜ ውሃውን ተቀብሎ የሚያቆይ፣ ከዚያም በፓምፕ የሚመልስ ታንከር ያስፈልጋል። ያንን ሥራልኝ ብለው ጠሩኝ።

እውነቱን ለመናገር አሳምሬ ነው የሠራሁት። አተላው ከሥር እንዲዘቅጥ ብዬ ማፍሰሻ ቧንቧውን ከወለሉ ከፍ አድርጌ በየድኩት። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ታንከሩን አጥሩ ጥግ አቆምነው፤ ያረጀው ውሃ በበርሜል ተጭኖ እንዲወሰድ ቧንቧውን ወደ መንገዱ አወጣነው። ከተማ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ደግሞ የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ታንከሩ አስገባነው።

ጋሽ ግርማ ውሃው ላይ ነጭ ዱቄት ይጨምሩበታል፤ ብረቱ እንዳይዝግ ነው። ጆንያው ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለበት። "በባዶ እጅህ እንዳትነካው" ብለው ያስጠነቀቁኝ ራሳቸው ናቸው። እኔም ለእጣቢው በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፣ ቧንቧውንም ይቆልፉበት አልኳቸው። "ይሄማ ግዴታ ነው!" አሉኝ። አመንኳቸው።

ከዚያ ለአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ሥራ ቢታ ገነት ከተማ ሄጄ ከረምኩ። ስመለስ ሰፈር ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ወሬ የእትዬ ዘነበች ልጅ ትዕግስት ወንድ ልጅ መገላገሏን ነው። ደስ አለን። ትዕግስት ብዙ ዓመት ስትጠብቅ የኖረች ልጅ ናት።

እትዬ ዘነበች ቤታቸው ከብረታ ብረቱ ቤት ፊት ለፊት ነው። እኔና ጋሽ ግርማ የተበላሸ ፓምፕ ይዘን ስንታገል አዩንና "አራስ ቤት ሳትገቡ? ወግዱ እቴ!" ብለው እየጎተቱ አስገቡን። ትዕግስት አልጋ ላይ ተደግፋ ልጇን ታጠባለች። የቡላ ገንፎው በቅቤ ተጥለቅልቆ መጣ።

"እኔን ሐኪም ቅቤ ከልክሎኛል" አሉ ጋሽ ግርማ።

"ያለ ቅቤ ላምጣልዎት።"

"ኧረ ይተዉት፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት።"

እኔ መቼም በደረቅ ቆጮ የከረምኩ ሰው ነኝ፣ ገባሁበት። እትዬ ዘነበች ሰው ሲበላላቸው ደስ ይላቸዋል፤ አጠገቤ ቆመው ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር። ምርቃቱ ግን ለእኔ አልነበረም።

"ዘንድሮ ቧንቧው ጠፍቶ ሰው ሁሉ ምንጭ ሲወርድ እኛ በጋሽ ግርማ ታንከር ነው የወጣነው። የአራሷ መታጠቢያ ከዚያ፣ አጥሚቱ ከዚያ፣ ይኸው ገንፎውም ከዚያ። እግዚአብሔር የሕይወት ውሃ ያጠጣዎት!"

"አሜን" አሉ ጋሽ ግርማ፣ ዓይናቸውን ከስልካቸው ላይ ሳያነሱ።

እኛ ሰፈር አሸንዳ ሥር የተጠራቀመ ውሃ የእግዜር ነው ይባላል። ጎረቤት ሳያስፈቅድ ይቀዳል፤ የሚከለክል ቢኖር ስሙ ይጠፋል። አሸንዳውን ያየ ሁሉ የዝናብ ውሃ መስሎታል። ያ አሳምሬ የበየድኩት ቧንቧ ደግሞ አተላውን ታንከሩ ውስጥ አስቀርቶ ኩልል ያለውን ያወርድላቸዋል። "ትንሽ የብረት ጣዕም አለው፤ የቆርቆሮው ነው ብለን ነው" አሉ እትዬ።

የጎረስኩትን መልሼ እጄ ላይ ተፋሁት። ቀና ስል ትዕግስት የአጥሚት ኩባያዋን ወደ አፏ እያነሳች ነው። እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፣ ኩባያውን ከእጇ ነጠቅኳት፤ አጥሚቱ ብርድ ልብሱ ላይ ተደፋ።

"ምን ነካህ? አራስ ላይ!" ብለው እትዬ ትከሻዬን በጥፊ አሉኝ።

"ውሃው የማሽን እጣቢ ነው! መርዝ ገብቶበታል፣ አትጠጪው!"

እትዬ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ጮኹ። ትዕግስት ግን አልጮኸችም። ልጁን ቀስ ብላ ከጡቷ አላቀቀችውና "ሲጠባ ነበር እኮ" አለች። ልጁ አልጠገበም ነበር፣ ማልቀስ ጀመረ።

ጋሽ ግርማ በዚህ መሃል ሹልክ ብለው ወጥተዋል። ሮጬ ደጅ ላይ ደረስኩባቸው። "ሲቀዱ ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"እኔ ቅዱ አልኩ?" አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩትን ዛሬም ሳስበው ያንገሸግሸኛል። "የት ልድፋው ብዬ ስጨነቅ ራሳቸው ተሸክመው ጨረሱልኝ። ታዲያ ጉድጓዱን ለምን ልቆፍር?" ይህን ብሎ ሳቀ። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። እዚያው ቦዩ ዳር ተጎንብሼ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። እሱ ጫማው እንዳይነካበት ፈቀቅ አለ።

እናትና ልጅን በባጃጅ ጭነን ሆስፒታል ወሰድን። እስኪመረመሩ ድረስ ጡት እንዳትሰጠው ተባለ። የዱቄት ወተት በጠርሙስ ሲሰጡት አልለመደውም፣ እየተፋ ያለቅሳል፤ እሷ ጡቷ አብጦ በነጠላዋ ጨምቃ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። እትዬ ዘነበች መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብለው "በእጄ እኮ ነው የቀዳሁላት፣ በገዛ እጄ" ይላሉ። ምን ብዬ ላጽናናቸው? ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለው ወሬ ያን ቀን አልያዘልኝም።

በመጨረሻ ሐኪሙ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ታጥባው አለ። እልል ተባለ። በማግስቱ የብየዳ ማሽኔን ጎትቼ ሄድኩና ሰፈርተኛው እያየ የታንከሩን ቧንቧ ቆርጬ በላሜራ ደፈንኩት። ግርማ በር ላይ ቆሞ "ንብረቴን!" እያለ ይጮሃል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ኋላ የሚመለከታቸው ሰዎች መጥተው ጉድጓዱን በግዴታ አስቆፈሩት።

ከልቤ ያልወጣልኝ ውሃው አይደለም። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ቢሆን እኔው አብሬው ይቅርታ እጠይቅለት ነበር። እያወቀ አራስ ቤት ገብቶ፣ ገንፎውን ሸሽቶ፣ ምርቃቱን ግን ተቀበለ። ቱ! ምን ዓይነት ልብ ነው? አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ይዘረጋልኛል። ሳልጨብጠው ሳልፍ "ለመሆኑ ማን ሞተ?" ይለኛል ከኋላዬ።

እውነቱን ነው፣ ማንም አልሞተም። ልጁ ወፍሮ መዳህ ጀምሯል። ትዕግስት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጡት በሰጠችው ቁጥር፣ ጠግቦ እስኪተኛ ከንፈሩ ላይ ዓይኗን ተክላ ነው የምታጠባው።