ለአደራ ልጅ የተቀባ ቅቤ

ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ፣ ልምዴን እንድናገር አዳራሽ ውስጥ አቁመው «የአደራ ቤተሰብ ለመሆን ምን ችሎታ ያስፈልጋል?» ሲሉኝ፣ መልሱ ከአፌ ሳይወጣ የሰበታ ጭጋግ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። የተሰበሰበው ሰው ትርፍ አልጋ እንዳለው፣ ወተት እንደማይጠፋ ይነግረኛል። እኔ ግን የማየው ከወጨጫ ተራራ ወርዶ ግቢያችንን የሸፈነውን ጭጋግና መሀሉ ላይ የቆመውን ባለቤቴን ነው።

ልጅቷ የመጣችልን በክረምት ነበር። እናቷ ታማ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ሌላ ዘመድ የላትም። አንዲት የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሠራተኛ እድራችን ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ እናትየዋ እስክትድን ልጅቷን የሚያቆይ ቤት ለመነች። ባለቤቴ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። እኛ ልጅ አልወለድንም።

ባለቤቴ ያደገው ጉዲፈቻ በሚያውቅ ቤት ነው። እዚያ ልጅ ከገባ ገባ ነው፣ ለጊዜው የሚባል ልጅ የለም። ሽማግሌ ጠርቶ፣ በግ አርዶ፣ አናቷን ቅቤ ቀብቶ አስመረቃት። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ ነሽ» አላት። እኔም እልል አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልሁን?

ሠራተኛዋ ስትሰማ ደነገጠች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ጉዲፈቻ አይደለም። እናቷ ስትድን ይመልሷታል።»

«ቅቤ የተቀባ ልጅ ሲመለስ የት አይተሻል?»

እሷም ብልህ ናት፣ አልተከራከረችውም። ልጅቷ እንዳትረሳ ማታ ማታ ስለ እናቷ እንድናወራላት ብቻ ለመነችን። እኔ ማውራት ስጀምር ባለቤቴ ላሞቹን ሊያይ ይወጣል። ላሞቻችን እንደዚያ ሰሞን ታይተው አያውቁም።

እነዚያ ወራት በእንቅልፍና በንቃት መሀል ያለፉ ይመስለኛል። ጠዋት ጭጋጉ ውስጥ የእሷ ሳቅ ይሰማል፣ ሰው አይታይም። ቆይቶ ባለቤቴ ትከሻው ላይ አድርጓት ብቅ ይላል፣ ከዓለም ገና ገበያ የገዛላትን ቀይ ሹራብ ለብሳ። አንዳንዴ ጭጋጉ ባይገለጥ ብዬ እመኝ ነበር።

እናትየዋ ዳነች። ባለቤቴ ወሬውን ሲሰማ «አልሰጥም» ብሎ ማለ። እንቢ ካለ ግፍ ነው፣ እሺ ካለ ደግሞ ቤቱ ባዶ ነው። ሁለቱንም ፈራሁ።

በነጋታው ባጃጅ ደጃችን ቆመ። እናትየዋ ከስታለች፤ በሩ ላይ ቀረች እንጂ አልገባችም። ልጅቷ የባለቤቴ ጋቢ ውስጥ ተደበቀች። እናትየዋ ይህን ስታይ ጎንበስ ብላ የባለቤቴን ጉልበት ሳመች።

«አባቴ፣ ልጄን አቆይተውልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ባለቤቴ ልጅቷን ለእኔ ትቶ ወደ ቤት ገባ። በሩን ሊቆልፍብን ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

በቅል ቅቤ ይዞ ወጣ። የእናትየዋን ነጠላ ገለጥ አድርጎ አናቷ ላይ አኖረላት።

«ኢንተለ ኮ፣ አንቺም ልጄ ነሽ» አለ። «በይ ልጅሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ። አባትሽ ቤት መምጣት ግን እንዳትተዪ።»

ጭጋጉ ተገልጦ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቅቤው ቀልጦ በእናትየዋ ግንባር ወረደ። ልጅቷ ቀስ ብላ ተጠጋች፣ በመዳፏ ጠረገችላትና የራሷን አናት ቀባች። ከዚያ እናቷ እቅፍ ውስጥ ገባች።

ባለቤቴ ላሞቹን ሊያይ ሄደ።