«ካምፕ» የተባለ ዕለት

የልጃገረዶች ቡድን መሪ የሆንኩበትን የመጀመሪያ ቀን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሐረር ውስጥ የባልትና አስተማሪ ነበርኩ። ዳይሬክተራችን አቶ ደስታ ቢሮ አስጠርተው አንድ ፊሽካ ሰጡኝና «ከትምህርት በኋላ ሴቶቹን ያዢልን። ክፍያ የለውም፤ ግን ሴቶች ናቸው፣ አያስቸግሩም» አሉኝ። የወንዶቹ ቡድን ድንኳን፣ ገመድና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ነበረው። ለእኛ ፊሽካ ብቻ።

ድንኳን ብጠይቅ «ሴት ልጅ ድንኳን ምን ያደርግላታል?» አሉ። ወንዶቹ የጣሉትን አሮጌ ድንኳን ለምኜ ወሰድኩ። ቀዳዳውን ልጆቹ ራሳቸው ጣፉት። ካስማ መትከል፣ ገመድ መወጠር፣ ፋሻ ማሰር አስተማርኳቸው። በጓድ በጓድ ከፈልኳቸውና ለየጓዱ መሪ አስመረጥኩ።

ከጓድ መሪዎቹ አንዷ ዘይነባ ነበረች፤ በግንቡ ውስጥ ያለው የአሮጌው ከተማ፣ የጁገል ልጅ። አባቷ ሐጂ ዩሱፍ ፈረስ መጋላ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። እጇ እርጋታ ነበረው። አንዲት ልጅ ከግንብ ወድቃ ክንዷ ሲሰበር፣ ሌሎቹ ሲንጫጩ ዘይነባ ሻሿን ፈትታ ክንዷን አንገቷ ላይ አሰረችላት። ስምንተኛን ጨርሳ ነርስነት መማር ነበር ሐሳቧ። አባቷም እሺ ብለዋት ነበር።

በዚያ ዓመት ከከተማው ወጣ ወዳለው ገጠር፣ ሶፊ ወርደን፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ድንኳን ተክለን ልናድር አሰብን። እናቶቹን ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅኩ። አንዷ ስትስማማ ሌላዋ ታፈገፍጋለች፤ እንደገና እሄዳለሁ። በመጨረሻ ከእናቶች ሁለቱ አብረውን ሊያድሩ ተስማሙ፤ የሁሉም ልብ ረጋ።

አቶ ደስታ ግን ነገሩ ከእሳቸው አፍ እንዲወጣ ፈለጉ። «ሶፊ ያድራሉ ብቻ ይበሉ» አልኳቸው። ባንዲራ ሲሰቀል ተማሪው ሁሉ ፊት ቆመው «ሴት ተማሪዎቻችን ዓርብ ካምፕ ገብተው ያድራሉ!» አሉ።

ወንዶቹ ሳቁ። ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ለምን እንደሳቁ ወዲያው ገባኝ። በእኛ ከተማ ካምፕ ማለት የወታደሩ ሰፈር ነው። ካምፕ የምታድር ሴት ምን እንደምትባል ልጅ ሳይቀር ያውቃል። አቶ ደስታ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ናቸው፤ አያውቁም ነበር። አለማወቃቸውን አልቀየምኩም። የተቀየምኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ፈረስ መጋላ ደረሰ። እኔንም አልማሩኝም፤ «ድሮስ የወታደር ልጅ አይደለች? ወደ አባቷ ጓደኞች ልትወስዳቸው ነው» ተባለ። አባቴ ወታደር ነበር፤ በዚያ አላፍርም። ግን አነደደኝ።

በማግስቱ ዘይነባ ከትምህርት ቤት ቀረች። ቤቷ ሄድኩ። ሐጂ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አክብረው አስቀመጡኝ።

«ሐጂ፣ እኔ ያልኩት ሶፊ ነው።»

«ወላሂ፣ አንቺን አምንሻለሁ» አሉ። «ገበያው የሰማው ግን አንቺን አይደለም፣ ዳይሬክተሩን ነው። ሱቄ ድረስ ይምጣና ሰው እየሰማ ‹ተሳስቼ ነው› ይበል። ነገውኑ እልካታለሁ። ካልመጣ ግን፣ እንዲህ የተባለባትን ልጅ ቤት አላስቀምጥም፤ የጠየቋት አሉ፣ እድራታለሁ።»

ዘይነባ ከበሩ ኋላ ቆማ ትሰማለች።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። አቶ ደስታ ሻይ እየጠጡ ነበር።

«እኔ ያልኩት ትክክለኛ የእንግሊዝ ቃል ነው» አሉ። «ሕዝቡ ካላወቀ ይማር።»

«ጌታዬ፣ ልጅቷ ልትዳር ነው። አንድ ቃል ቢናገሩላት ትተርፋለች።»

«ዳይሬክተር ጨርቅ ሱቅ ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ? ነገ ማን ያከብረኛል?»

«ዛሬስ ማን አከበረዎ?» አልኩ። ከቢሮ አስወጡኝ።

በሌላም ቀን ሄድኩ። ሌሎች አስተማሪዎችንም ሽማግሌ ላክሁ። አቶ ደስታ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሐጂ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ዘይነባ ከረመዳን በፊት ተዳረች።

ሶፊ ወረድን፤ ቡድኑ ውስጥ የቀሩት ጥቂቶች፣ በቀን ብቻ። የሚያድር የለም። ዓመቱ ሲዘጋ አቶ ደስታ ለእንግዶች የልጃገረዶቹን ቡድን «እኔ ነኝ ያቋቋምኩት» ብለው ተናገሩ፣ ተጨበጨበላቸው። እኔ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ።

ቡድኑን አልተውኩም። ሌላ ዳይሬክተር መጣ፣ ድንኳንም አገኘን፤ ሶፊም አደርን።

ከዓመታት በኋላ ዘይነባን ገበያ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። ተሳስመን ስንጨርስ ጠየቀችኝ፦

«እትዬ፣ ያኔ አቶ ደስታ የአባቴን ሱቅ አጥተውት ነው እንዴ ያልመጡት? እኔ እኮ በመስኮት እያየሁ ስጠብቃቸው ነበር።»

«አላጡትም» አልኳት። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ በር ይታያል።

ለአዳዲስ መሪዎች የምነግረው ይህን ነው። ወላጅ ልጁን የሚሰጠን በቃላችን ነው። በቃል የተበላሸውን ያበላሸው ሰው ራሱ፣ በእግሩ ሄዶ ያቅናው። ይህን የማያደርግ ሰው የሰው ልጅ አይረከብ።