ፈታኙ የጠየቀኝ ቅጠል

ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ለመሆን የመጨረሻው ፈተና በእግር ነበር። በሚኒባስ ከጎንደር የመጣው ፈታኝ እንደ ቱሪስት ሆኖ ይከተለኛል፤ እኔ ከከተማው በላይ ያለውን ረግረግ ከነእጽዋቱ አስጎበኘዋለሁ። ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሌ ነው፤ «ሴት ልጅ ተራራ ለተራራ ምን ልታደርግ?» ያሉኝን ሁሉ አፋቸውን ካላስያዝሁ በቃ፣ ቀረ።

በዚያ ላይ አባቴ ካልሄድሁ አሉ። መሪጌታ ናቸው፤ ሰፈሩ ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው በሆድ ቁርጠት መድኃኒታቸው ነው። «ልጄ ስትፈተን ልይ» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉን። ኧረ ይቅርብኝ ብል ማን ሰምቶኝ!

«ድንጋይ ድንጋዩን ይርገጡ፤ ሣር የመሰለው ሁሉ መሬት አይደለም» አልሁት ፈታኙን። አልሰማኝም። አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፤ አባቴ መቋሚያቸውን አስይዘው ጎትተው አወጡት። ሳቄን ውጬ ለበዓል የምንጎዘጉዘውን ቄጤማ፣ ከሰው ቁመት በላይ የቆመውን ጅብራ አሳየሁት። ጓሳ ሣር ነጭቼ እንዴት ገመድ እንደሚሆን እዚያው ገምጄ አሳየሁት። ደስ ብሎት ይጽፋል።

ከዚያ ውሃው ዳር ጎንበስ አለና አንዲት ትንሽ ቅጠል በእስክርቢቶው ነካ አደረገ።

«ይህችስ? ስሟ ማን ነው? ለምን ትሆናለች?»

የአባቴ መድኃኒት እሷው ናት። ሥሯን ማለዳ ከሰው ሳይነጋገሩ ነው የሚቆፍሩት። ለእኔም የነገሩኝ በመስቀል አስምለው ነው፤ ስሟ ለባዕድ ከተነገረ መድኃኒትነቷ ይጠፋል ይላሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው። መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አላውቃትም» አልሁ።

«እዚሁ ተወልደሽ?» አለና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። አንጀቴ ቅጥል አለ። የተናደድሁት ግን በእሱ አይደለም፣ በአባቴ ነው።

«ታውቃታለች» አሉ አባቴ። «ያስማልኋት እኔ ነኝ። እንካ ጻፍ፣ ልጄ።» ስሟንም ጥቅሟንም ሳይቸኩሉ፣ ለቆሎ ተማሪ እንደሚያስጠኑ አድርገው ነገሩት። ፈታኙ ሁለታችንንም አየና የጫረውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ።

አለፍሁ! በደስታ እስከ ቤት ድረስ ስለፈልፍ፣ እሳቸው ቃል አለመተንፈሳቸውን ልብ አላልሁም። ሞኝ!

በሳምንቱ ጎረቤታችን ሆዷን ይዛ መጣች። አባቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ልጄ። የእኔ ከእንግዲህ አይሠራም» አሏት። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ማታ የአስጎብኚነት መታወቂያዬን የት እንደማኖር ሳመነታ አዩኝ። የሥሮቻቸው ከረጢት ይንጠለጠልበት ወደነበረው ምስማር በመቋሚያቸው ጠቆሙኝ። ከረጢቱ የለም።

«እዚያ ስቀይው» አሉ። «ባዶ ነው።»